ጠቁሯል፣ አልበሰለም

አቶ ኤርሳዶ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሶዶ ውስጥ፣ ከኦቶና ሆስፒታል ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት። በጥር የመጀመሪያው እሁድ አምልኮ ሲያልቅ ብድግ አሉና ለምእመኑ ቃል ገቡ፦ በየካቲት ለሚደረገው የጌታ እራት ጭማቂው ከራሳቸው ጓሮ ወይን ይቀርባል። እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያኗ ስትጠቀም የኖረችው ከሱቅ ተገዝቶ የተቀቀለ ዘቢብ ነው። ሰው አጨበጨበ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች ግን አላጨበጨቡም።

«የምሕረት አባት፣ ፍሬው እኮ ገና እንደ ጠጠር ነው» አሉ መንገድ ላይ፣ ባላቸውን እንደ ልማዳቸው በልጃቸው ስም ጠርተው።

«አራት ሳምንት አለን።»

ወይኑ ከተተከለ ሦስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዘለላ ያዘ። አቶ ኤርሳዶ በየጠዋቱ ይቆጥሩታል፤ ሁልጊዜ አሥራ ዘጠኝ ነው።

በጥር አጋማሽ ፍሬው መቅላት ጀመረ፤ በሳምንቱ ጠቆረ። አቶ ኤርሳዶ ሦስት ዘለላ ቆርጠው አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ለአቶ ለማ ወሰዱላቸው። አቶ ለማ አንዲት ፍሬ አፋቸው ውስጥ ከተቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጧት።

«ይባረክ» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም ውሃ ጠየቁ።

የቀሩትን ሁለት ዘለላዎች ወይዘሮ አስካለች እንዲበስሉ ብለው አቮካዶ ያለበት ጆንያ ውስጥ ከተቷቸው። በአራተኛው ቀን ሲከፍቱት አቮካዶው በስሏል። ወይኑ ተጨማዷል፤ ሲቀመስ ያው ኮምጣጣ ነው። አቮካዶውን በሉት።

ያኔ አቶ ኤርሳዶ ከግብርና ቢሮ ባለሙያ ጠሩ። ወይንሸት ትባላለች፤ ከዝዋይ አካባቢ ተመድባ የመጣች ናት። አንዲት ፍሬ ጨምቃ ጠብታዋን ስኳር የሚለካ፣ ትንሽ ቱቦ የመሰለ መሣሪያ ላይ አደረገችና ወደ ብርሃን አዙራ አየች።

«ጋሼ፣ ጠቁሯል፣ አልበሰለም» አለች።

«ቀለሙስ?»

«ቀለሙ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ስኳሩ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚገባው፤ ኮምጣጣነቱም አብሮ ይቀንሳል።» ሌላ ፍሬ ሰንጥቃ ዘሩን አሳየቻቸው። «አረንጓዴ ነው። ቡናማ መሆን አለበት። መሣሪያው አሁን አሥራ አራት ይላል፤ ሃያ ሁለት ማለት አለበት።»

«ቆርጬ ባቆየውስ?»

«ወይን እንደ ሙዝ አይደለም። አንዴ ከተቆረጠ አይበስልም።»

ወይዘሮ አስካለች ወደ ጆንያው አዩ።

«የሚያስፈልገኝ ለእሁድ ነው» አሉ አቶ ኤርሳዶ።

«ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ፍሬው ውሃ ይጠጣና ይሰነጠቃል።»

ባለሙያዋ ስትሄድ አቶ ኤርሳዶ አሰቡ። «ሁለት ኪሎ ስኳር ብንጨምርበትስ?» አሉ።

«ስኳር ከሆነ የምናጠጣቸው ወይን ለምን ተከልክ?» አሉ ወይዘሮ አስካለች።

እሁድ ደረሰ። አቶ ኤርሳዶ እንደገና ብድግ አሉ። ጆሯቸው ይግላል።

«ወይኑ አልበሰለም። ቀለሙን አይቼ ነው የቸኮልኩት» አሉና ተቀመጡ።

«አሜን!» አሉ አቶ ለማ፣ ከሁሉም ሰው በላይ ጮክ ብለው። ዘቢብ ተቀቀለ።

የቀሩት አሥራ ስድስት ዘለላዎች ወፍ እንዳይነካቸው አሮጌ አጎበር ተደረገላቸው። አንድ ቀን ከዳሞታ ተራራ በኩል ደመና መጥቶ አካፋ። አቶ ኤርሳዶ ዣንጥላ ይዘው ወጡና እስኪያባራ ድረስ ወይኑ ሥር ቆሙ። ዣንጥላው የሸፈነው አራት ዘለላ ነው። ሌላውም ግን አልተሰነጠቀም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት ወይንሸት መጣች። መሣሪያውን አየች። ዘሩን አየች።

«ሃያ ሁለት ተኩል። በስሏል።»

ወይዘሮ አስካለች አንዲት ፍሬ ቀመሱ። ሁለተኛዋን ማንም ሳይጋብዛቸው አነሱ። ከዚያ ዘለላውን በሙሉ ወሰዱት።

«የሚቀጥለው የጌታ እራት መቼ ነው?» አለች ወይንሸት።

«ግንቦት» አሉ አቶ ኤርሳዶ።

«እስከዚያ ተክሉ ላይ አይቆይም።»

አቶ ኤርሳዶ አንዲት ፍሬ እያላመጡ ወይኑን ቆመው አዩት። ሊያዝኑ ፈልገው ነበር፤ ግን አፋቸው ጣፍጧል።

ያን ከሰዓት ዘለላዎቹን በቅርጫት ይዘው፣ ከአቶ ለማ ቤት ጀምረው በየጎረቤቱ ዞሩ። ግቡ ቢባሉም አልገቡም። ሰውየው አንዲት ፍሬ ቀምሶ እስኪውጥ በር ላይ ቆመው ፊቱን ያያሉ፤ ካዩ በኋላ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ።