ዝርዝሩ ይቅር

አሰለፈችንና ተብለጽን ሽማግሌ ስንት ጊዜ አስታርቋቸዋል፤ አንዴም ታርቀው አያውቁም። በየጊዜው ሽማግሌው አቶ ተኽለብርሃን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ዕርቅ ደም ያደርቅ» ይላሉ፤ አሰለፈች ልትናገር አፏን ስትከፍት ደግሞ «ዝርዝሩ ይቅር ልጄ፤ ለእግዚአብሔር ብለሽ ማሪያት» ይሏታል። ትምራታለች። ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን አንዷ በዚህ ጥግ፣ አንዷ በዚያ ጥግ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

ጠባቸው ግን ተራ የሴቶች ኩርፊያ መስሏችሁ እንዳትንቁት። ሁለቱ ሮም ሲገቡ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ አልጋ ያደሩ ናቸው፤ አንዷ የአዲስ አበባ፣ አንዷ የአስመራ ልጅ፣ ሁለቱም የሰው ቤት ሠራተኛ። በቀይ ሽብር ጊዜ የአሰለፈች ታናሽ ወንድም ሀብተሚካኤል አዲስ አበባ ተገደለ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ተብለጽ ጆሮ ነበር። አቶ ተኽለብርሃን እንደ አገሩ ወግ «በሰው አገር ብቻዋን አትስማ፤ ቀን ተመርጦ፣ ወገን ተሰብስቦ መርዶዋ ይነገራል» አሉ። ቀን ሊመረጥ ሲል ፆም ገባ፤ ፆሙ ሲፈታ ፋሲካ ነው ተባለ፤ ከፋሲካ በኋላ የእገሌ ሰርግ። እንዲህ እየተባለ፣ ተብለጽም እንደደበቀች፣ መርዶው ሳይነገር ዓመት ሞላ። በዚያ ዓመት አሰለፈች ለወንድሟ ሸሚዝ መርጣ ገዝታለች፤ ለማርያም ስለት ተስላለታለች፤ በጋውን ኦስቲያ ባሕር ዳር፣ ተብለጽ እያጨበጨበችላት፣ እስክስታ ወርዳለች። ወንድሟ አፈር ለብሶ እሷ ትከሻዋን ስትሰብቅ! ይህን ነው ያልማረችው፤ ማንስ ይምራል?

አሰለፈች የምትሠራው መነኮሳት የሚያርፉበት ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ከአሜሪካ የመጣች አንዲት መነኩሲት ነበረች፣ ሱኦር፣ እኅት ለማለት ነው፣ ሱኦር በርኒስ የሚሏት። ሰው ሁሉ ቻይናዊት ነሽ ወይ እያለ ያደርቃታል። እሷ ግን ናቫሆ ናት፤ ነጭ ሳይመጣ በፊት ከነበሩት፣ በበረሃው በግ ከሚያረቡት ሕዝብ የተወለደች። አንድ ቀን ሳህን እያደረቀች ያገሯን ወግ አጫወተቻት። የተጣሉ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ነገሩ የነካው ዘመድ ሁሉ ይቀመጣል። የሚመራው ሽማግሌ አይፈርድም። እያንዳንዱ በልቡ ያለው እስኪያልቅ ይናገራል፤ የሚያቋርጠው የለም። በመጨረሻ የተበደለውን ሰው ምን ቢደረግልህ ልብህ ይሞላል ብለው ይጠይቁታል። አሰለፈች «ሥራ የላችሁም እንዴ?» ብላ ሳቀችባት። ነገሩ ግን ከልቧ አልወጣ አላት። እሷን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለማ።

በዚያ ሰሞን ተብለጽ ስዊድን ካለው ባሏ ዘንድ ልትሄድ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት በባቡር፣ ላትመለስ። እንዲህ እንደተኳረፍን ልንቀር ነው ብላ አሰለፈች ሆዷ ባባ። ሰው ላከችባት፤ ተብለጽም እሺ አለች። ሐሙስ ከሰዓት፣ ጣሊያኖች ጆቬዲ በሚሉት የሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት፣ አቶ ተኽለብርሃንም ባሉበት፣ በሱኦር በርኒስ አገር ወግ ሊቀመጡ ተስማሙ።

ረቡዕ ዕለት አቶ ተኽለብርሃን ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። የተብለጽ እናት፣ አደይ ለተንሳኤ፣ አስመራ ማረፋቸውን ነገሯት። «መንገደኛ ናት፤ እዚያ ስትደርስ ወገን ተሰብስቦ ያረዳታል። ነገ የእናቷን ስም እንዳታነሺ ብዬ ነው የመጣሁት።»

የአሰለፈች ደም ፈላ። «ዛሬም? በእኔ የሠራችሁት አልበቃ ብሎ? እርስዎ ይደብቁ፤ እኔ ግን ነገ እዚያው እነግራታለሁ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ከቻልሽ እሰየው ልጄ ብለዋት ሄዱ።

ሐሙስ አራቱም እንግዳ መቀበያው ክፍል ተቀመጡ። ሱኦር በርኒስ ጸለየች። ከዚያ በእነሱ ዘንድ ሰው ራሱን የሚያስታውቀው ከእናቱ ወገን ጀምሮ መሆኑን ነገረቻቸውና የእናቷንና የአባቷን ጎሳ ተናገረች። ተራውን ለተብለጽ ሰጠች፤ በየቋንቋችሁ ተናገሩ አለች።

የተብለጽ ፊት በራ። የለተንሳኤ ልጅ ነኝ አለች። እናቷ ልብስ እየሰፋች እንዴት እንዳሳደገቻቸው፣ ሰሞኑን ለመንገዷ ስለት እንደተሳለችላት፣ ከአሰለፈች ሳትታረቂ ከሮም እንዳትወጪ ብላ እንደላከችባት አወራች። አቶ ተኽለብርሃን መሬት መሬት አዩ። አሁን ልንገራት ይሆን? ኧረ ትጨርስ፣ ወሬዋን አልቁረጥባት አለች አሰለፈች በልቧ።

ተራዋ ሲደርስ ስለ ወንድሟ ተናገረች። ሸሚዙን፣ ስለቱን፣ የኦስቲያውን እስክስታ፣ አንዱንም አላስቀረችም። አቶ ተኽለብርሃን እንደ ልማዳቸው ዝርዝሩ ይቅር ሊሉ ሲጀምሩ፣ አማርኛው ባይገባትም ሱኦር በርኒስ እጇን ብድግ አድርጋ ዝም አሰኘቻቸው። ተብለጽ እንባዋን ሳትጠርግ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጠዋት ጠዋት ልነግርሽ ቆርጬ እነሳ ነበር» አለች። «አንቺ እየዘፈንሽ ፊትሽን ትታጠቢያለሽ። ዛሬን ትሳቅ፣ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም፣ አሱዬ። ጩኸትሽን መስማት ፈርቼ ነው።»

ሱኦር በርኒስ በጣሊያንኛ ያቺን ጥያቄ ጠየቀች፤ ምን ቢደረግልሽ ልብሽ ይሞላል አለቻት። አሰለፈች ወደ ተብለጽ ዞረች።

«በእኔ ቦታ አንቺ ብትሆኚስ ኖሮ?»

«በዚያው ቀን እንድትነግሪኝ ነበር የምፈልገው» አለች ተብለጽ። «ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን፣ ከአንቺ አፍ።»

ከዚህ በላይ ምን በር ይከፈት? አሰለፈች አፏን ከፈተች። ይኼኔ ተብለጽ ተነስታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ቀልባ ያዘቻት። ተብለጽም አንገቷ ሥር ገብታ፣ እያለቀሰች እየሳቀች፣ አሁን እናቴ ደስ ይላታል አለች። ይህ ደስታ እንዴት እንደሚናድ፣ ያ ጩኸት ከየት እንደሚነሳ አሰለፈች ታያት። ፈራች። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ይበቃኛል፣ ምሬሻለሁ አለቻት፤ ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ነበር።

ሱኦር በርኒስ ያልተነገረ የቀረ እንዳለ ጠየቀች፤ የቀረ ካለ ነገሩ አላለቀም አለች።

«የቀረ የለም» አለች አሰለፈች።

መነኩሲቷ ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ተነስታ ሁሉንም በየተራ ጨበጠቻቸው። አቶ ተኽለብርሃን ባርኔጣቸውን አድርገው ቀድመው ወጡ፤ አሰለፈችን ቀና ብለው አላዩዋትም።

ዓርብ ጠዋት አሰለፈች ተብለጽን ተርሚኒ ድረስ ሸኘቻት። ባቡሩ ሳይመጣ እነግራታለሁ አለች በልቧ፤ ባቡሩ መጣ። ሳትሳፈር እነግራታለሁ አለች፤ ተብለጽ ተሳፈረች። በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ አስመራ የሚሄድ ሰው ስታገኚ ለእናቴ ታረቅን ብለሽ ላኪላት፣ ከእኔ ይልቅ አንቺን ታምናለች አለቻት።

«እልክላታለሁ» አለች አሰለፈች።

ባቡሩ ተነቃነቀ። አንድ ቀን ስቶክሆልም ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ የተብለጽን በር ያንኳኳሉ። እናቴ መቼ አረፈች ብላ ትጠይቃለች፤ ይነግሯታል። ቀኑን ወደ ኋላ ስትቆጥር ተርሚኒ ትደርሳለች፤ አሰለፈችንም መስኮቱ ሥር ቆማ ስትስቅላት ታገኛታለች። አሰለፈች ይህ ሁሉ እየታያት፣ ባቡሩ እስኪሰወር ድረስ እየሳቀች እጇን አውለበለበች።