በሟች ስም የቆየ መሬት

ሴትዮዋ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እንደምትመጣ በስልክ የነገሩን አዲሱ ቄስ ናቸው። ከአርጀንቲና ደብዳቤ ጽፋላቸው ነበር። የአያቷን የትውልድ ቤት ትፈልጋለች አሉ። «የቤተሰቧ ስም ቶርሚ ነው፤ እናንተም ቶርሚ ስለሆናችሁ ቤቱ አይጠፋችሁም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።» ለአገሩ እንግዳ ባይሆኑ ኖሮ ሰው ሳያማክሩ እንዲህ ያለ ቃል አይገቡም ነበር።

አጎቴ ማላኪ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሻዩን ሳይጨርስ ቦቲ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ።

«የአያቷ ስም ማነው አሉህ?» አልኩት።

«ክሪስቶፈር።»

«የአያትህ የላረንስ ልጅ?»

«ሌላ ማን ይሆናል!» አለና ወደ ከብቶቹ ወጣ።

የፈራውን አውቃለሁ። የምንኖርበትን ሃያ አራት ሄክታር ከባለርስቱ ጌታ ገዝቶ በመንግሥት መዝገብ ያስመዘገበው ላረንስ ነው፤ በ1911። ላረንስ በ1938 ሞተ። ታላቁ ልጁ ክሪስቶፈር ቀደም ብሎ ወደ አርጀንቲና ሄዶ ስለነበር ታናሹ ባርትል፣ ማለትም የማላኪ አባት፣ መሬቱን ያዘ። ባርትል ሲሞት ደግሞ ማላኪ ያዘው። መዝገቡን ያዛወረ ግን የለም። በእኛ ሰበካ ይህ የተለመደ ነው። ጠበቃ ዘንድ ሄዶ ስም ማዛወር አባትን ሁለተኛ እንደመቅበር ስለሚቆጠር፣ ከሞተ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው በመዝገቡ ላይ አሁንም ባለ መሬት ነው።

ማላኪ አግብቶ አያውቅም። ልጅም የለውም። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እሱ ዘንድ ነው የምኖረው፤ ከደብሊን በስተ ምዕራብ ባለችው በሙሊንጋር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየሠራሁ ማታ ማታ ወደ እሱ እመለሳለሁ። በጸደይ ልቡን ካመመው በኋላ መሬቱን በእኔ ስም ሊያደርገው ወሰነና አብረን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእናንተ ሌላ ከላረንስ የተወለደ ሰው አለ ወይ?

«የሰማሁት የለም» አለ ማላኪ።

«ካለና ከተቃወመ ነገሩ ይረዝማል። መጨረሻውንም ልነግርህ አልችልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማላኪ ፖስታ ሲመጣ የላኪውን አገር ሳያይ አይከፍትም።

እኔ ደግሞ ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። ከሁለት ገና በፊት አንዲት ጓደኛዬ የዘር መመርመሪያ ዕቃ ሰጥታኝ፣ በትንሿ ብልቃጥ ምራቄን ሞልቼ በፖስታ ልኬ ነበር። ያደረግሁት እንደ ጨዋታ ነው። በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጥኩት የስሜን ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። ውጤቱ በመጣ በወሩ ኢነስ ቶርሚ የምትባል ሴት ከአርጀንቲና ጻፈችልኝ። «የቅርብ ዘመዳሞች ነን ይላል። ማን ነሽ?» ሦስት ጊዜ ጻፈች። አልመለስኩላትም። ሳልመልስላት ስቀር በራሷ የምትተወው መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ማታ ማላኪ ዕቅዱን ነገረኝ።

«የሊቪዎችን ፍርስራሽ ቤት እናሳያታለን» አለ። ሊቪዎች ዘራቸው ያለቀ የድሮ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

«የላረንስ ቤት ነው ብለን?»

«ታለቅሳለች፣ ፎቶዋን ታነሳለች፣ ትሄዳለች። ማን ይጎዳል? ሊቪዎች እንደሆኑ የሉ።»

«እኛስ ማን ነን ልንላት ነው?»

«ቶርሚዎች። ግን ሌላ ቶርሚዎች። እዚህ አገር ድንጋይ ብትወረውሪ የሚያርፈው ቶርሚ ላይ አይደል!»

«አጎቴ፣ ነውር ነው።»

«ነውርስ አንቺን ከዚህ ቤት ሲያስወጡሽ ነው» አለኝና ተነሳ።

ቤታችን እንድትገባ ስላልፈለገ ቀጠሮው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሆነ። ሻይ ሳያጠጡ እንግዳ መሸኘት ግን እሱም የሚደፍረው አልነበረም። «ቴርሞስ ያዢ» አለኝ። የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ሠራሁ፣ የዘቢብ ዳቦም ቆረጥኩ። መኪናችን ላይ ዘርግተን ለሽርሽር እንደወጣ ሰው ቆመን ጠበቅናት።

የኪራይ መኪና እየነዳች፣ የመንገዱን መሃል ይዛ መጣች። ስልሳ አምስት ዓመት የሚያልፋት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። አፏን ስትከፍት ማላኪ ሳንድዊቹን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። እንግሊዝኛዋ የሟች እናቱ እንግሊዝኛ ነበር። አገራችንን በእግሯ ረግጣ የማታውቅ ሴት፣ ዛሬ ከእኛ መካከል ማንም በማይናገርበት ከአያቷ በወረሰችው በድሮው የሰበካችን ቅላጼ ነበር የምታወራው።

«ኢነስ እባላለሁ። ከክሪስቶፈር ዘር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «ከእርስዎ ጋር እንዴት ነው የምንዛመደው?»

«አንዛመድም» አለ ማላኪ። «ቶርሚ ነኝ፣ ግን ከኮረብታው ወገን ነኝ። ቄሱ አደራ ስላሉኝ ነው።»

እሷም ወደ እኔ ዞረች። «እሷስ?»

«ሾፌሬ ናት» አለ።

ሻይ ቀዳሁላት። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ በፕላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይኼን ከመሬት መዝገባችሁ በኢንተርኔት አወጣሁት። ይገርማል፣ አይደል? አሁንም በላረንስ ስም ነው።»

ማላኪ ወረቀቱን ሳይነካ አየው። «ካርታ የለውም?»

«ካርታውን ማውጣት አላወቅኩበትም።»

«እሱ ከባድ ነው» አለ ማላኪ፣ ትከሻው ትንሽ ወረድ እያለ። «ለመሆኑ ለምን ፈለጉት?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ» አለ ማላኪ፣ ለእኔ። ሰው ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ለእንዲሁ እንደማይመጣ ዓይኑ ይናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኳትም። ማስታወሻ ደብተሯ ጥያቄ ብቻ ነበር። መሬቱን አሁን ማን ያርሰዋል? ግብሩን ማን ይከፍላል? አጥሩን ያጠረው ማነው? ማላኪ ለሁሉም «ማን ያውቃል» አላት፤ እሷም «ማን ያውቃል» ብላ በጥንቃቄ ጻፈች።

የሊቪዎች ፍርስራሽ ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል። ውስጡ ጉልበት የሚደርስ ሳማ በቅሎበታል። ማላኪ በዱላው ሳማውን እያጋደመ መንገድ አበጀላትና «እዚህ ነው» አላት።

ኢነስ ገብታ የምድጃው ድንጋይ ላይ ተንበረከከች። መዳፏን ጥቀርሻው ላይ አሳረፈች። የምትጸልይ ይመስለኛል። ማላኪ ከብቶቹን ያይ ጀመር፤ እኔ ሳማውን።

«ባርትል የሚባል ወንድም ነበረው» አለች ሳትነሳ። «ልጅ አልወለደም?»

ማላኪ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አልወለደም። ብቻውን ሞተ።»

ያለ ልጅ ያስቀረው የገዛ አባቱን ነበር። እናቴም የባርትል ልጅ ናት። እዚያው ቆሜ፣ ከነእናቴ ሳልወለድ ቀረሁ።

ኢነስ ከቦርሳዋ ቢጫ የሆነ ፖስታ አወጣች። ታሽጓል። ላዩ ላይ በቀለም ብዕር፣ ለባርትል ወይም ከእሱ ለተወለደ፣ ተብሎ ተጽፎበታል።

«አያቴ ለአባቴ ሰጠው፣ አባቴ ደግሞ ለእኔ። የሚቀበለው ካልተገኘ ሳትከፍቺ አቃጥዪው ነው የተባልኩት። እንግዲህ ከተወለደበት ምድጃ የተሻለ ቦታ የለም።» ኪሷን ዳበሰች። «እሳት ይዛችኋል?»

ውስጡ ያለው የመሬት ጥያቄ ከሆነ፣ ሲቃጠል አብሮ ያበቃለታል። ማላኪ ሲያስብ ታየኝ። ሃሳቡ ብዙ አልቆየም።

«ክብሪት አለኝ» አለ።

እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነበር ጎረቤታችን ፊንታን በመንገዱ በትራክተር ብቅ ያለው። ፊንታን እንኳን ትራክተር ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይጮኻል።

«ማላኪ ባርትል! አንተ ማላኪ ባርትል! ወይፈንህ መንገድ ዳር ወጥቶ የሰው አበባ እየበላ ነው! ቅርጫ ሳናደርገው አስገባው!»

ማላኪ እጁን አውለበለበለት። ትራክተሩ አለፈ።

ኢነስ ቀስ ብላ ተነሳች። «ምን ብሎ ነው የጠራዎት?»

«ይቀልዳል። ጅል ነው።»

«አያቴ ክሪስቶፈር እዚህ ኪት ላሪ ነበር የሚባለው፤ ኪት የእሱ ቁልምጫ፣ ላሪ የአባቱ የላረንስ። ቶርሚ ስለሚበዛ ሰው ከነአባቱ ስም ነው የሚጠራው ብሎኛል።» ፖስታውን ደረቷ ላይ አስጠጋች። «እና እርስዎ ማላኪ ባርትል ነዎት።»

«ባርትል የሚባል ብዙ አለ» አለ ማላኪ። ክብሪቱ አሁንም በእጁ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እንድደግፈው።

መናገር አልወድም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ሰው መጽሐፍ ሲያዘገይ ደብዳቤ እጽፋለሁ እንጂ አልደውልም። ግን ፖስታው ከነደደ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምተኛ አልታየኝም።

«ልጁ ነው» አልኩ። «እኔም የልጅ ልጁ ነኝ። ዴርቭላ ኪና እባላለሁ። ሦስት ጊዜ ጽፈውልኝ ያልመለስኩልዎት እኔ ነኝ።»

«ምን ጽፋልሽ?» አለ ማላኪ። የዘር ምርመራውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። ፊቱ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። «እና አንቺ ነሽ የጠራሻት? በገዛ ቤቴ?»

«አልጠራኋትም። ዝም አልኳት።»

ኢነስ ግን ፖስታውን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ዚፑን ዘጋችው። «ቅድም የለም አላችሁኝ» አለች። «ፖስታውን ስታዩ አለ ሆነ። እሷ ቅድም ሾፌር ነበረች፣ አሁን የልጅ ልጅ ሆነች። የቱን ልመን?»

ስልኬን አወጣሁና ሦስቱን መልእክቶቿን ከፍቼ ሰጠኋት። የራሷን ቃላት አንድ በአንድ አነበበች፤ ከስራቸው መልሴ ሊኖርበት ይገባ የነበረውን ባዶ ቦታ ከቃላቱ ይልቅ ረጅም ጊዜ ያየችው መሰለኝ። ከዚያ ስልኬን መለሰችልኝ፣ ዚፑን ከፈተች፣ ፖስታውን ለማላኪ ሰጠችው።

«እንግዲህ ክፈተው» አለችው። አንተ ማለት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

መነጽሩን ስላልያዘ እኔ አነበብኩት። አንድ ገጽ ነው።

«ባርትል፣ እናታችን የት ጋ እንደተቀበረች ንገረኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌልህ ዝም አልከኝ። መሬቱን የምፈልግ መስሎህ እንደሆነ ገብቶኛል። አልፈልገውም፤ ያንተ ነው። እዚህ ፈረሰኛ በአንድ ቀን የማያዳርሰው ሜዳ ላይ የሰው በግ እጠብቃለሁ፣ መሬት በቃኝ። ይኼንንም እንደማትመልስ ስለማውቅ አልልከውም። ወንድምህ ኪት።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ማላኪ ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ጠበቅኩ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይኼን ጠበቃው ዘንድ መጥተሽ በፊርማሽ ታረጋግጪልናለሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኢነስ አልተቆጣችም፤ ለመግዛት ያሰበችውን ፈረስ እንደምትመረምር ሁሉ አየችው።

«መጀመሪያ እናታቸውን አሳየኝ» አለች። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘች። «ይኼስ ቤት የማነው?»

«የሊቪዎች» አልኳት።

ምድጃውን አየች። ከመዳፏ ላይ ጥቀርሻውን በመሐረብ ጠረገችው፤ በጣቶቿ መካከል ያለውን ሳይቀር።

መቃብሩን አሳየናት። ቤታችንም ገባች፤ ሻይ ጠጣች፣ ዳቦውን ግን አልነካችም። ክሪስቶፈር የተወለደበት ክፍል ይኼ ነው ስንላት አልተንበረከከችም። «እርግጠኛ ናችሁ?» ብላ ጠየቀች፣ ደግሞም ጠየቀች።

ሐሙስ ለት ሦስታችን ሙሊንጋር ሄድን። ጠበቃው ተቃውሞ እንደሌላት የሚገልጸውን ሰነድ አዘጋጅቶ ብዕር አቀረበላት። ኢነስ ብዕሩን ወደ ጎን አደረገችው። ሰነዱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ያልገባትን ቃል ሁሉ ጠየቀች፣ ከዚያም እሷ ራሷ የምትመርጠው ሌላ ጠበቃ ካላነበበላት እንደማትፈርም ተናገረች።

«አላመንሽኝም?» አለ ማላኪ።

«አላመንኩህም።»

ማላኪ ራሱን ነቀነቀ። ከማክሰኞ ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። «ልክ ነሽ» አላት። «እኔም ብሆን አልፈርምም።»

ሌላውን ጠበቃ አገኘች። አርብ ከቀትር በፊት ተመልሳ ፈረመች፤ እያንዳንዱን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታ አንዱን ቅጂ ራሷ ያዘች። ማላኪ እጁን ዘረጋላት፣ እሷ አቀፈችው። እሱ እንዴት እንደሚታቀፍ ስለማያውቅ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ከቢሮው ደጅ ላይ ሆነን መኪናዋን ስታስነሳ አየናት። «ደህና ሴት ናት» አለ ማላኪ።

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እንሂድ።» ራሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ግራው ወደ ደብሊን፣ ቀኙ ወደ እኛ መሬት ይወስዳል። መኪናዋ እዚያ ደርሳ ቆመች፤ ምልክት ሳታሳይ ለጥቂት ጊዜ ቆየች። «ፈርማም ወደ መሬቱ ልትመለስ ይሆን?» አለ ማላኪ። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር።

ወደ ግራ ታጠፈች።