ሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄ

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሉብና በጎ ፈቃደኛ የሆነችው ለሰርተፍኬት ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አጥታ፣ ዓለም ገና መንገድ ዳር ባለው የአባቷ ሱቅ ሳሙናና ፓስታ ትሸጥ ነበር። የክረምት በጎ ፈቃደኞች ለሥራ ማመልከቻ የሚጠቅም ወረቀት ይሰጣቸዋል ሲባል ሰማችና ተመዘገበች። ቢጫ ቲሸርት ለበሰች፣ ፎቶ ተነሳች፣ ከዚያም ሰበታ ሄዳ ለደጊቱ እንድታነብ ተመደበች።

ደጊቱ የተፍኪ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዓይኗ አያይም። አንድ ኮሌጅ ላወጣው የነፃ ትምህርት ዕድል ፈተና ስትዘጋጅ በብሬል ያልተጻፉትን መጻሕፍት የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሉብና ምስኪን፣ ምስኪን እያለች ክንዷን ይዛ ልትመራት ስትል፣ ደጊቱ እጇን አላቀቀችና ራሷ የሉብናን ክርን ያዘች። ማን ማንን እንደሚይዝ የምትወስነው እሷ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት ተጣሉ። የልምምድ ፈተና ላይ ሉብና ጥያቄውን ታነባለች፣ ደጊቱ መልሷን ትናገራለች፣ ሉብና በመልስ ወረቀቱ ላይ ታጠቁራለች። ደጊቱ ስትሳሳት ግን የሉብና አንጀት አልችል አለና ትክክለኛውን ታጠቁርላት ጀመር። ደግነት መስሏታል። ደጊቱ መልሷን በተናገረች ቁጥር በብሬል መውጊያዋ ወረቀት ላይ እየበሳች እንደምታስቀር ልብ አላለችም። የተጠቆሩት መልሶች አንድ በአንድ ሲነበቡላት ደጊቱ ጣቶቿን በወረቀቱ ላይ አሳለፈች። ሰባት መልስ የእሷ አልነበረም።

"ዓይንሽን አውሺኝ አልኩሽ እንጂ ጭንቅላትሽን አውሺኝ አልኩሽ?" አለቻት። "ኮሌጅ ስገባም አንቺ ልትማሪልኝ ነው?"

ሉብና በሚኒባስ እስከ ዓለም ገና ድረስ በሆዷ ስትሰድባት ሄደች። ውለታ ቢስ፣ ምላሰኛ፣ የማትለው አልነበረም። ቤቷ ስትደርስ ግን ንዴቱ ወደ ራሷ ዞረ። ደጊቱን ስትረዳ ከላይ ሆና ቁልቁል እያየቻት እንደነበር ገባትና አፈረች። በነጋታው ቲሸርቱን ቤት ትታ ተመልሳ ሄደች።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ቅዳሜ ደግሞ ሱቁ ሰው የሚጨናነቅበት ቀን ነው። አባቷ ሙሄዲን፣ ክረምቱ አልቋል፣ ወረቀትሽንም ተቀብለሻል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ አሏት። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ብለውም ተረቱባት። ሉብና ከአባቷ ጋር ተከራክራ አታውቅም።

"አባ፣ አብሬያት ልሄድ ቃል ገብቻለሁ። ቅዳሜ አልኖርም" አለችና የሱቁን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። መልሳም አላነሳችውም።

ቅዳሜ ሉብናና ደጊቱ ከፈተናው አዳራሽ ሲደርሱ ኮሌጁ የመደበው አንባቢ አልመጣም። ፈተናውን የሚመሩት ኦቦ ዲሪርሳ ነገሩን ቀለል አድርገው፣ እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት ትመለስ አሉ።

"አኒ ሂን ዴሙ" አለች ደጊቱ። "አልሄድም፣ ኦቦ ዲሪርሳ።"

ሉብና እኔ አነብላታለሁ ስትል፣ አንቺማ ጓደኛዋ ነሽ፣ መልስ ትነግሪያታለሽ አሏት።

"አጠገባችን ተቀምጠው ይከታተሉን" አለች ሉብና። "አንባቢው ስለቀረ እሷ አትቀጣም። ሳትፈተን ከዚህ አንነሳም።"

የተቀመጡት ተፈታኞች ማጉረምረም ጀመሩ። ኦቦ ዲሪርሳ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሁለቱን ልጆች አዩ። ወረቀት ይዞ መግባት ክልክል ነው ብለው የደጊቱን የብሬል ወረቀትና መውጊያ ተቀበሉና ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ የኦቦ ዲሪርሳ ስልክ ጠራና ወደ በሩ ወጡ። ደጊቱ "ለ" አለች። መልሱ "ሐ" ነው፤ ሉብና እንደ ስሟ ታውቀዋለች። የሚያይ ሰው የለም፣ የሚመሰክር የብሬል ወረቀት የለም። ይቺ አንዲት ጥያቄ ደጊቱን ልታስቀራት ትችላለች። እርሳሱ "ሐ" ላይ ቆመ። ሉብና ጥርሷን ነክሳ "ለ"ን አጠቆረች።

ሲወጡ ደጊቱ የሉብናን ክርን ያዘች።

"ሠላሳ ሰባት ላይ ዘገየሽ። ተሳስቼ ነበር አይደል?"

"ተሳስተሻል።"

"ምን አጠቆርሽ?"

"ያልሽውን።"

ደጊቱ እስከ ሚኒባስ ማቆሚያው ድረስ ክርኗን አጥብቃ እንደያዘች ሄደች።

ሙሄዲን ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን ሳሙና እየደረደሩ፣ ልጅቷ አለፈች ወይ ብለው ጠየቁ። ውጤቱ ገና ነው ስትላቸው፣ ሲመጣ ንገሪኝ አሉ።

ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት ኮሌጁ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማለፊያው ስልሳ ነበር። ሉብና የደጊቱን ስም አግኝታ ሁለቴ አነበበችው።

"ስንት ነው?" አለች ደጊቱ።

"ስልሳ አንድ።"

ደጊቱ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ልሙጥ ነበር።

"ስልሳ አንዱም የኔ ነው" አለች፣ በዙሪያዋ የቆመው ሰው ሁሉ እስኪሰማት።