ውሃ የሚከተል ትልም

«ትልም ካልሆነ ምንድን ነው? ቁንጫ ነው?» አለ ኤጄታ፣ ጣቱን ከካርታው ላይ ሳያነሣ።

«በአባትህ ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚረባ እኔ በምን አውቃለሁ» አለችው ድንቅቱ።

ከወይራው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። ድንቅቱ ግን አልሳቀችም። ባሏ ቦጂያ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከጭልሞ ጫካ ግርጌ ባለው ዳገት ላይ ድንጋይ እየካበ፣ እርከን እየሠራ ያቀናውን የጤፍ ማሳ ነበር ትቶላት የሄደው። ታላቅ ወንድሙ ኤጄታ ደግሞ ዳገቱ ከድሮ ጀምሮ አባታችን ያረሰው ነው፣ ልካፈል ይላል። አባት ያረሰው የወንድማማች፣ ራሱ የመነጠረው የመንጣሪው እንደሆነ ሁለቱም ወገን ተስማምቷል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዳገቱ በአባትዬው ዘመን ታርሶ ነበር ወይስ አልነበረም?

በሦስተኛው ቀጠሮ ኤጄታ ይህን ካርታ ይዞ መጣ። የጣልያን ጦር አገሩን የሣለበት ነው፤ ጦሩ ሲወጣ በአባቱ ሣጥን ቀርቶ ኖሯል። ኤጄታ በሰው ሁሉ ፊት «ይኸው ወንዙ፣ ይኸው አናቱ» እያለ ካሳየ በኋላ፣ በኮረብታው ጎን ላይ ጥቅጥቅ ብለው የተሰመሩትን አጫጭር የቀለም መስመሮች አመለከተ። የአባቱ ትልም ናቸው አለ፤ ጣልያን ግብር ሊጥል አንድ በአንድ ሣላቸው።

ካርታ የሚያነብ ሰው ይምጣ ሲባልም ሰው የጠቆመው ራሱ ኤጄታ ነው። ሰውየው ተሬፋ ይባላል፤ ጊንጪ ውስጥ ታፔላ ይጽፋል። ደርግ በወደቀ ሰሞን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ ቤት ተከራየ። ድንቅቱ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውላ ስትመለስ ሁለቱን ሻይ ቤት በአንድ አግዳሚ ላይ አይታቸዋለች። ዛሬም፣ በአራተኛው ቀጠሮ፣ የመጡት በአንድ ጋሪ ነው። «ዓይነ ውሃው አላማረኝም» ብላ ነበር ገና ሲወርድ።

ካርታው ሲሰጠው ደግሞ ጥርጣሬዋ ባሰ። ጽሑፉን ሳያይ ወደ ሰሜን አዞረው። ከጫፍና ከጫፍ ይዞ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው እንጂ እንደ ሌላው ሰው ጣቱን አላሳረፈበትም። ታፔላ ጻፊ እንዲህ አይዝም አለች በልቧ።

ተሬፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳ። ጭረቶቹ ትልም አይደሉም አለ፤ ቁልቁለት ማሳያ ናቸው። ሠዓሊው እያንዳንዱን ጭረት ውሃ በሚወርድበት በኩል ያሰምረዋል። ጭረቱ ወፍሮ ሲቀራረብ ዳገቱ ብርቱ ነው፣ ሲቀጥንና ሲሳሳ ደግሞ ገር። ጦር ይህን ካላወቀ መድፉን በየት ይጎትታል? ታርሷል ወይስ ዳዋ ነው ለሚለው ግን ካርታው መልስ የለውም።

ድንቅቱ ከንግግሩ ሁሉ የያዘችው መጨረሻዋን ነው። መልስ የለውም? አልታረሰም ማለት እየቻለ? በሻዩ መሐል የተዋዋሉት ይኸ ኖሯል።

«ኦቦ ተሬፋ» አለች፤ «ይኸን ሁሉ የት ተማርክ? ታፔላ ላይ ነው?»

ሰውየው ካርታውን አጠፈና መልሶ ዘረጋው።

«አዴ ድንቅቱ፣ ይኸ ለነገሩ ምን ያደርጋል?»

«ለኔ ያደርጋል።»

«ጦር ሠራዊት ካርታ ክፍል» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ዓመት ኮረብታ ስሥል ነበር።»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ኦቦ ጅሩ ጋቢውን ሰበሰበ። የፈረሰው የደርግ ጦር ሰው በሰፈር መኖሩን ያወቁት አሁን ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የደበቀ ሰው ሌላስ ምን ደብቋል? ከሁሉ ቀድሞ የነቃው ኤጄታ ነበር። የእንዲህ ያለ ሰው ቃል አይያዝብኝም አለ። አንዱ ሽማግሌ ያመጣኸው አንተ አይደለህም ወይ ቢለው፣ ለእኔም አልነገረኝም ብሎ ማለ። ጅሩም የተሬፋ ቃል ይቅር አለ።

ያኔ ድንቅቱ የሠራችውን አየች። ከኤጄታ ትልም ያዳናት ብቸኛው ቃል በራሷ ጥያቄ ወድቋል።

ተነሥታ ካርታውን መሬት ላይ ዘረጋችው።

«የሱ ቃል ይቅር። ኤጄታ፣ ወንዙ የቱ ነው አልክ?»

ኤጄታ ሰማያዊውን መስመር ነካ።

«አናቱስ?»

አናቱንም ነካ።

«እስቲ አንዱን ትልምህን ተከተለው።»

የኤጄታ ጣት ከአናቱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ ገበሬ ናቸው፤ በዳገት ላይ ሞፈር አግድም እንጂ ቁልቁል እንደማይሄድ፣ ቁልቁል የተተለመ አፈር በአንድ ክረምት ወንዝ እንደሚገባ ማንም አያስረዳቸውም።

«ውሃ ተከትሎ የሚያርስ በሬ ከደንዲ አልተወለደም» አለ ጅሩ። «አባትህን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሰነፍ ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም።»

ኤጄታ ሌላ ምስክር አልነበረውም። እርከኑ የቦጂያ ላብ ነው ተባለ፤ ማሳውም ለድንቅቱና ለልጆቿ ጸና። ጅሩ እርጥብ ሣር ይዞ መረቀ፤ ሁሉም ተነሥተው የድንበሩን ድንጋይ ሊያዩ ወጡ። ኤጄታም ካርታውን በብብቱ ሸጉጦ ተከተላቸው።

ተሬፋ ከወይራው ሥር ጥቂት ቆየ። ቀጥሎ ጫማው ላይ ያለውን አቧራ አራገፈና በእግሩ የጊንጪን መንገድ ያዘ።

ድንቅቱ ጠላ አውጥታ ከዳገት ለተመለሱት ቀዳች። ከወይራው ሥር በነበሩት ሰዎች ቁጥር ነበርና የቀዳችው አንድ ዋንጫ ተረፈ። ዙሪያዋን አየት አደረገችና ወደ ጋኑ መለሰችው።