ከአስቸኳዮቹ ዝርዝር ግርጌ

በምርምር ማዕከላችን ምድር ቤት አርባ ኮምፒውተሮች ተሳስረው እንደ አንድ ይሠራሉ፤ ክላስተር እንላቸዋለን። እኔ ኃላፊ ከመሆኔ በፊት ተራ የሚያዘው በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነበር፤ ደፋሩ የሌላውን ስም በላጲስ አጥፍቶ የራሱን ይጽፍበታል። ያንን ወረቀት ቀድጄ የጣልኩት እኔ ነኝ። በምትኩ ሦስት ወረፋዎች አዋቀርኩ፤ ለአጭር ሥራ፣ ለረጅም ሥራና ለአስቸኳይ። አስቸኳዩ ሲመጣ ቦታ ከጠፋ ከረጅሞቹ አንዱን አስነሥቶ ይገባል፤ የተነሣውም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በአስቸኳዩ የሚጠቀም ሰው በስም ይመዘገባል፤ መዝጋቢውም እኔ ብቻ ነኝ። «ከእንግዲህ ተራ የሚጠብቅልን ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ዘመድ የለውም» ብዬ በስብሰባ ላይ ስናገር ተጨበጨበልኝ። ወጣቶቹ «አለቃ ወረፋ» የሚል ቅጽል አወጡልኝ። ስሙን፣ አልዋሽም፣ ወድጄው ነበር።

ሰኞ ከሰዓት እህቴ ደወለች። ልጇ እኛው ማዕከል ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል።

«ልጁ እኮ እህል አልቀምስ አለ» አለችኝ። «ስሌቱን እስከ ረቡዕ ካላስረከበ ዓመቱ ተበላ ማለት ነው።»

«ተራውን ይጠብቅ፤ ሁሉም ይጠብቃል።»

«ለባዳ የምትራራውን ያህል ለሥጋህ ብትራራ ምን አለበት? እኔ አንተን ያስተማርኩህ ተራ ጠብቄ ነው?»

መልስ አልነበረኝም ብል ሐሰት ይሆናል። ነበረኝ፤ ለመናገር ግን ታከተኝ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል እንደ ያዝኩ የልጁን ስም ከአስቸኳዮቹ ዝርዝር ግርጌ ጻፍኩ፤ ተራ ይጠብቅ የነበረውን ሥራውንም ራሴ ወደ አስቸኳዩ ወረፋ አሻገርኩለት። ማንን እንደሚያስነሣ አላየሁም። ማየት ይቻል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የወንዝ ተመራማሪዋ ቢሮዬ ገቡ። በዕድሜ ከእናቴ ጥቂት ቢያንሱ ነው።

«አለቃ፣ ልቆጣ አይደለም የመጣሁት፤ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው» አሉ። «የሆነ ነገር ሳላበላሽ አልቀረሁም። የጎርፉ ስሌት ሃያ ሁለት ቀን ሄዶ፣ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ትናንት ከዜሮ ጀመረ። የሰው ቦታ ይዤ መክረሜ ሳያንስ!»

«የጎርፍ ኮሚቴው የሚሰበሰበው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ከሰዓት። የጎርፍ መከላከያው ግንብ የት የት እንደሚሠራ ይወስናሉ። የኔ ቁጥር ካልደረሰ በአምናው ግምት ነው የሚሄዱት። በአምናው ግምት ደግሞ የታችኛው ሰፈር ውኃ አይነካውም።»

«መብራት ተቆራርጦ ይሆናል» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈካ። «ተመስገን! እኔ ደግሞ ራሴን ስረግም አደርኩ።» ከዚያ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። በጥርጣሬ አልነበረም፤ ነገር አጣርቶ ማወቅ የለመደ ሰው እንደሚያደርገው ነው። «መብራት ከሆነስ የጎረቤቴ ሥራ ለምን አልቆመም?»

ያን ጊዜ የአስቸኳዮቹ ዝርዝር ያለበትን ስክሪን አዞርኩላቸው። ከድፍረት አይቁጠሩልኝ፤ ሁለተኛ ውሸት ብፈልግ አጥቼ ነው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አነበቡ። «ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው ማነው?»

«የእህቴ ልጅ።»

«መቼ ገባ?»

«ትናንት ከሰዓት።»

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ። ከወለሉ በታች የማቀዝቀዣው ጉምጉምታ ይሰማል።

«ይቆጡኝ እንጂ» አልኳቸው።

«ልጄ ብትሆን ጆሮህን ይዤ እጎትትህ ነበር። አንተ ግን አለቃ ነህ፤ ምን አደርግሃለሁ?»

«ሌላውን ሁሉ አንሥቼ ማሽኑን በሙሉ ብሰጥዎ ሐሙስ ጠዋት ያልቃል። አሁኑኑ ላድርገው።»

«ስንት ሰው ይነሣል?»

«አሥራ አራት።»

«ደግመህ በዝምታ ልታደርገው ነው? ጠይቃቸው። ለምን እንደምትጠይቅም ንገራቸው።» ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ረቂቄ «በአስተዳደራዊ ስሕተት ምክንያት» ብሎ ይጀምር ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጠፋሁት። «ሰኞ ዕለት የእህቴን ልጅ ከእናንተ አስቀደምኩ» ብዬ ጀመርኩ፤ የቀረው ራሱ መጣ። ለአሥራ አራቱም ላክሁ፤ አንዱ ራሱ የእህቴ ልጅ ነበር።

እስከ ቀትር አሥራ ሦስቱ ፈቀዱ። አንዱ ሰድቦኝ ነው የፈቀደው፤ ስድቡ ተገቢ ነበር። በመጨረሻ የልጁ መልስ ደረሰ፦ «አጎቴ፣ እኔ እኮ ተራዬ ደርሶ መስሎኝ ነበር። አንሣው።»

ሥራው ስድሳ አንድ ከመቶ ላይ ነበር። በእጄ አቋረጥኩት፤ ስሙንም ከዝርዝሩ ፋቅሁ። የሴትዮዋ ስሌት አርባውንም ማሽን ይዞ ተነሣ።

ከዚያ ልጁ ወደሚሠራበት ክፍል፣ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ ሰላም ብዬው አላውቅም፤ ዘመድ ነው እንዳይባልብኝ። አንኳኳሁ።