የሸምሶ ሒሳብ

ቀትር ላይ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ውሻው እንኳ መጮህ ይታክተዋል። በዚያ ሰዓት መንገድ የሚወጣ ሰው ወይ የቸገረው ነው ወይ እንደ ባርኸድ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመልካ ጀብዱ ገበሬ ሞተሩ ቆመ ማለት ሽንኩርቱ ደረቀ ማለት ስለሆነ፣ ባርኸድ መፍቻዎቹንና ቱቦውን አሮጌው ፔጆ ላይ ጭኖ ይወጣል። ፔጆዋ የአባቱ ናት። በአባቱ ጊዜ ታክሲ ነበረች፤ ባርኸድ ነጭ ቢያስቀባትም በሩ በተላጠ ቁጥር የድሮው የታክሲ ሰማያዊ ከሥር ብቅ ይላል።

ከከተማው መውጫ፣ ግራሩ ሥር፣ ሸምሶ ትጠብቀዋለች። ጠዋት መጋላ ገበያ የግመል ወተቷን ሸጣ፣ ባዶ ጀሪካኖቿን በገመድ አስራ ወደ ቤቷ የምትመለስ አሮጊት ናት። ዘመዱ አይደለችም፤ እሱ ግን በሶማሊው ወግ «ኤዶ» ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት። እጇን ታነሳለች፣ ያቆማል፣ ጋቢና ትገባለች። በዚያ መንገድ እጅ ላነሳ ሰው አለማቆም ነውር ነው፤ ገንዘብ መጠየቅማ አይታሰብም።

ሸምሶ ግን በነጻ አትሄድም። ሕልሟን ትነግረዋለች። አንድ ሕልም ነው፣ ሌሊት ሌሊት ካቆመበት እየቀጠለ የሚመጣላት። አንዲት ነጭ ግመል ከሐርላ ኮረብታ ወርዳ ድሬ ትገባለች። አንድ ቀን በመጋላ ጠባብ መንገድ፣ የተሰቀለ ጨርቅ ሳትነካ ስታልፍ ትታያለች። ሌላ ቀን ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ተንበርክካ ውሃው እስኪመጣ ትጠብቃለች። ሸምሶ እያወራች፣ ትኩሱ ንፋስ በመስኮት እየገባ፣ አስፋልቱ ከፊት ውሃ መስሎ እየተርገበገበ፣ ባርኸድ መኪና መንዳቱን ትቶ ግመሏን የሚከተል ይመስለዋል። ቀኑን ሙሉ በጥቁር ዘይት ተጨማልቆ ለሚውል ሰው ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አልነበረውም።

«ዛሬ የት ደረሰች፣ ኤዶ?»

«ባቡር ጣቢያ ገብታለች። ትኬት ቆራጩ ፊት ቆማለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነቃሁ! ነገ እነግርሃለሁ።»

በዚህ መሃል የግብር ወቅት ደረሰ። የባርኸድ ገቢ ለወሬ አትበቃም፤ ግማሿን ቤንዚንና ጎማ ይበሏታል። ስለዚህ የነዳጅ ደረሰኞቹን በፌስታል ሰብስቦ፣ የምነዳው ለሥራዬ ነውና ወጪው ከገቢዬ ይቀነስልኝ ሊል ግብር ቢሮ ሄደ። የተቀበለችው ፋርሒያ የምትባል ወጣት ናት። ደረሰኞቹን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ በመጨረሻ እሱን አየችው።

«ደረሰኝህ ልክ ነው» አለችው። «ግን መኪናህ ሰው ሲጭን ታይቷል ይላል። ታክሲ ከሆነ ወጪው መቀነሱ ቀርቶ የታክሲ ገቢ ይጨመርብሃል።»

«አቦ፣ ምን ታክሲ! ዋላሂ ማንም ከፍሎኝ አያውቅም!»

«አምንሃለሁ። የምጽፈው ግን ያየሁትን ነው። ሐሙስ አብሬህ ልሂድ።»

ባርኸድ ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። ታክሲ ነህ ከተባለ ግብሩን የሚከፍለው ፔጆዋን ሸጦ ነው፤ ፔጆዋ ከሄደች ደግሞ ሥራው አበቃ ማለት ነው።

ሐሙስ ቀትር ፋርሒያ ጋቢና ተቀመጠች። ግራሩ ከሩቅ ታየ፤ ሸምሶም ከሥሩ። እጇ ተነሳ። የባርኸድ እግር ፍሬኑን ነካ አደረገና ተመልሶ ተነሳ። ቢጫ ሻሿ፣ ጀሪካኖቿ፣ ፈገግታዋ፣ ሁሉም ቀስ ብሎ፣ በሕልም እንደሚሆነው ያለ ድምፅ፣ በመስኮቱ አለፈ። በመስታወቱ ሲያያት እጇን ገና አላወረደችም።

ሙቀቱ ሸለብ ያደረጋት ፋርሒያ ዓይኗን ገልጣ ወደ ኋላ ዞረች። «እኚያ እናት እጃቸውን አነሱልህ። ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም» አለ ባርኸድ።

ቢያቆም ኖሮ እኮ ሸምሶ ገብታ፣ ሕልሟን አውርታ፣ ሳንቲም ሳትከፍል ትወርድ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይገኛል! ይህ ሁሉ የተገለጠለት ግን ግራሩ ከኋላ ከቀረ በኋላ ነው፤ ፈሪ!

ፋርሒያ ሞተሩን ሲጠግን ቆማ አየች፣ ገበሬውን ጠየቀች፣ የመኪናው ወጪ እንዲቀነስለትም ጻፈች። ባርኸድ ተገላገለ።

ቅዳሜ ለሸምሶ ከመጋላ ጣፋጩን ሐላዋ ገዝቶ ቀትርን ጠበቀ። ግራሩ ሥር አገኛት። እጇን አላነሳችም። አቆመላት፤ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

«ኤዶ፣ ጋቢና ነይ እንጂ!»

«እዚሁ ይበቃኛል ልጄ።»

መንገዱ እንደወትሮው ይርገበገባል፤ መኪናው ውስጥ ግን የጀሪካኖቹ መንቋቋት ብቻ ነው የሚሰማው። ባርኸድ ጠበቀ፣ ጠበቀና አላስችል አለው።

«ግመሏስ? ትኬቱን ቆረጠች?»

«ሹፌር አይረበሽም» ብላ ሳቀች። ቂም የለበትም ሳቋ።

ከመውረጃዋ ሲደርሱ የሻሿን ጫፍ ፈትታ ብር አወጣች። «ሐሙስ ያቺን ልጅ ጭነህ ሳይህ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንደ አባትህ ታክሲ ጀመርክ። እስከ ዛሬ በነጻ ያመላለስከኝን አላህ ይክፈልህ፤ ከእንግዲህ የሚከፍል ሰው ቦታ አልይዝብህም።»

ባርኸድ ታክሲ አይደለሁም ቢላት፣ ታዲያ ሐሙስ ለምን ጥለኸኝ አለፍክ ትለዋለች። ለዚያ ምን ይመልሳል? አላውቃትም ብዬ ነው ይበላት? ሸምሶ ብሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ መርቃው ወረደች። ሐላዋው በሙቀቱ ቀልጦ ወረቀቱን እንዳራሰ ቀረ።

ሸምሶ ዛሬም በቀትር ትሳፈራለች። ከኋላ ተቀምጣ፣ ወተት ወተት የሚሸት ብሯን ከፍላ ትወርዳለች። ነጯ ግመል ትኬት ትቁረጥ አትቁረጥ፣ ባርኸድ እስከ ዛሬ አያውቅም።