አምስተኛው ብልቃጥ

አምስተኛውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አልቅቱን በወረንጦ ጫፍ ነካችው። አልተኮማተረም። ሞቷል።

"ይኸው፣ አላልኩሽም?" አለ ታናሽ ወንድሟ ከበሩ ላይ ሆኖ። "አምስቱም ጭጭ! በይ ጭማቂውን አምጪው።"

"አምስተኛው ውስጥ ጭማቂ የለም። ንጹህ ውሃ ነው።"

"ታዲያስ? ሞተ አይደል እንዴ?"

የእንስሳት ክሊኒኩ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። በአራቱ ብልቃጦች የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ከቀጭን እስከ ወፍራም አድርጋ በእያንዳንዱ አልቅት ጨምራለች። አምስተኛው ለማነጻጸሪያ ነበር፤ እዚያ ያለው መኖር ነበረበት። ውሃውን አሸተተችው።

"ብልቃጦቹን በምንድን ነው ያጠብካቸው?"

"በበረኪና። ትንሽ ላግዝሽ ብዬ..." ድምፁ ወረደ። "አጠፋሁ?"

"የገደላቸው በረኪናው ይሁን ትምባሆው አላውቅም።"

"እንደገና ሞክሪያ!"

"በምኑ? አልቅት አልቀረኝም። ከኩሬው እስኪለቀም፣ እስኪታይ፣ ሁለት ቀን ይፈጃል።"

ግቢው ውስጥ የታሰረችው የወንድሟ ላም ሁለት ቀን የምትቆይ አትመስልም። ጉሮሮዋ ላይ አልቅት ከተጣበቀ፣ ከአፍንጫዋ ደም መንጠባጠብ ከጀመረ ስድስት ቀኑ ነው፤ ድዷ ወረቀት መስሏል። ልትወልድም ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ጠዋት ሁለት ጊዜ በመቆንጠጫ ሞክረው አልደረሱበትም። የክሊኒኩ መድኃኒት ካለቀ ቆይቷል። ትምባሆው ከበዛ ደግሞ ከአልቅቱ በፊት እሷን ይገድላታል።

"ስጪኝና እኔው ላጠጣት" አለ። "ብትሞትም አንቺ የለሽበትም። አለቆችሽን ወንድሜ ሰረቀኝ በያቸው።"

"አንተ ደግሞ ለመስረቅ! ያኔ በልጅነትህ አንድ እንቁላል ሰርቀህ፣ ማንም ሳይጠይቅህ አልቅሰህ የተናገርክ።"

ሁለቱም አልሳቁም። ከግቢው አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማ። ሮጠው ወጡ። ላሟ በፊት እግሮቿ ተንበርክካ በአፏ ትተነፍሳለች።

"እትዬ፣ በናትሽ! ልጆቼ ሌላ ወተት የላቸውም።"

ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰች። ከሁሉ ቀጭኑን ጭማቂ፣ ካሰበችውም ሩቡን ብቻ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀዳች። ተከትሏት የገባው ወንድሟ እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። የሕክምና መዝገቡን ገልጣ "ያልተፈተሸ። የሰጠሁት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈችና ፈረመችበት።

"ና፣ አፏን ክፈትልኝ" አለችው።